ለአጨዳ ዝናብ የለመነች ሴት

ስልኩ ሲጠራ ሮቤ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። የደወለልኝ የክፍላችን ኃላፊ ነው። «መምህር፣ የሺ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ዛሬ ጠዋት ሞተች» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። አንዱን አነሣለሁ፣ ጫን ጫን አድርጌ አየዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ሌላ አነሣለሁ። ሻጯ ትዕግሥቷ ሲያልቅ፣ «ጋሼ፣ ሽንኩርት እኮ ነው! ለልጅዎ ሚስት እየመረጡ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገበያውን በሙሉ የሚያስቅ መልስ እሰጣት ነበር። የዚያን ቀን ግን ያላትን ሁሉ አስመዝኜ ተሸክሜ ሄድኩ። አንድ ሻለቃ ጦር ለክረምት የሚቀልብ ሽንኩርት ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ «ይኼ ሁሉ ለማን ነው? ድግስ አለ?» አለች። «የሺ ሞተች» አልኳት። እሷ እዚያው በቆመችበት ማልቀስ ጀመረች። እኔ ቢላዋ አንሥቼ ሽንኩርት መላጥ ያዝኩ። በባሌ ምድር ያን ያህል ሽንኩርት ልጦ አንዲት ዘለላ እንባ ያልወጣው ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ብቻ ልናገርና ልለፍ፤ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎባ ነው። ማጋነን እወዳለሁ። ጎባ ውስጥ እኔ «ዘነበ» ካልኩ ሰው ልብሱን ሊያሰጣ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ባዮሎጂ ነው፤ ከዶክተር የሺሐረግ ጋር አንድ ቢሮ ተጋርተን ዓመታት ተቀምጠናል።

የሺ ከጎጃም ነው የመጣችው። ቀጭን፣ ረጅም፣ በሐምሌም በጥርም ያንኑ አረንጓዴ ሹራብ የምትለብስ ሴት ነበረች። ሹራቡ ከእሷ ቀድሞ ዶክትሬቱን ያገኘ ይመስል ነበር። አንድ ነገር ልብ ብላ ስታይ አንገቷን ወደ ግራ ትሰብራለች፤ ተማሪዎቿ ሁሉ ይህን ወርሰው፣ ፈተና ላይ ጥያቄው ሲከብዳቸው ክፍሉ በሙሉ ወደ ግራ ያዘነብላል። ገበሬዎቹ በኦሮምኛ ወይዘሮ ለማለት «አዴ የሺ» ይሏታል። እኔ የሺ እላታለሁ። እሷ እኔን «ውሸታሙ» ትለኛለች፤ ግን ሻይ እየቀዳችልኝ ነው።

ሥራዋ ገብስ ነበር። ገብስ ሲባል ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰው ገብስ ሲያይ ገብስ ያያል። እሷ ስታይ አንድ መንደር ሙሉ ሕዝብ ነበር የምታየው። ረጅሙን ገብስ «እርስዎ» ትለዋለች፣ አጭሩን «አንተ»። ማሳ ውስጥ ስትሄድ፣ «እርስዎ ትንሽ ዘመም ብለዋል፣ ነፋስ ነው? አንተ ደግሞ መቼ ነው የምታሸተው፣ ጓደኞችህ ጨርሰዋል እኮ!» ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ብትሰሟት ታማለች ትላላችሁ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነው።

ትምህርቷን የምትጀምረው ሁሌም በአንድ ጥያቄ ነው። «አንድ እናት የወለደቻችሁ ወንድምና እህት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ። ቤታችሁ ውስጥ ሁላችሁም በአንድ ሰዓት ነው የምትነቁት?» ክፍሉ ይስቃል። አንዱ፣ «ዶክተር፣ ወንድሜ ውኃ ካልተደፋበት አይነሣም» ይላል። «እኔ ደግሞ ዶሮ ሳይጮኽ ነው የምነሣው» ትላለች ሌላዋ። «ታዲያ ሁለታችሁም ሰዎች አይደላችሁም?» ትላለች የሺ። «ገብስም እንዲሁ ነው። ፍሬው ውስጥ የሚያስተኛው ሆርሞን አለ፣ የሚቀሰቅሰውም አለ። ሁሉም ገብስ ሁለቱም አሉት። መጠኑ ነው የሚለያየው። የአጋርፋው ገብስ ውስጥ ያለው የእንቅልፍ ሆርሞንና የዲንሾው ውስጥ ያለው እኩል አይደለም። የዲንሾውም ከጎረቤቱ ከዲንሾው ጋር እኩል አይደለም። የትኛው ነው ልክ አትበሉኝ። ሁሉም የየራሱ ልክ አለው።»

ይህ ለምን እንቅልፍ እንደሚነሣት ባሌን የማያውቅ ሰው ላይገባው ይችላል። እኛ ዘንድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። የበልጉ ገብስ ደርሶ ለአጨዳ ሲዘጋጅ፣ የክረምቱ ዝናብ በላዩ ላይ ይመጣበታል። የእንቅልፍ ሆርሞኑ ያነሰ ገብስ እርጥበቱ ሲነካው መሬት የገባ ይመስለውና እዚያው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ገበሬው ለአጨዳ ሲሄድ ፂም ያወጣ እህል ያገኛል። በሌላ በኩል ሆርሞኑ የበዛበት ደግሞ ዝናቡን ተኝቶ ያሳልፍና፣ ወዲያው ለሚቀጥለው ወቅት ሲዘሩት አሁንም ይተኛል። የሺ የምትፈልገው በመካከል ያለውን ነበር፤ ዝናብ ሲደበድበው የሚተኛ፣ ሲዘሩት የሚነቃ። «ሠራተኛ ሰው ማለት እኮ ነው» ትላለች። «በእረፍቱ ቀን ይተኛል፣ በሥራው ቀን ይነሣል። እንዳንተ ሳይሆን።»

እና ከየቤቱ ለመነች። ዲንሾ፣ አጋርፋ፣ ገሠራ፣ ጎባ ዙሪያ፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረዱ የገብስ ዘሮችን እፍኝ እፍኝ እያለች ሰበሰበች። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ፂማሙ፣ መላጣው፣ ቀጭኔ የሚያህለው፣ ጉልበት የማይደርሰው። ኦቦ ከድር የሚባሉ ገበሬ፣ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ካላቸው እርሻ ጥጉን ቆርሰው ሰጧት። እዚያ በየመስመሩ ዘራችው። ማሳው ሲያድግ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ መሰለ። ከዚያ ቁጭ ብላ ዝናብ ትለምን ጀመር። ለካ የተኛውን ካልተኛው በደንብ የሚለየው የአጨዳ ዝናብ ነው። ባሌ ሙሉ፣ ቄሱም ሼኩም፣ «ጌታ ሆይ እስክናጭድ አቆይልን» ሲል፣ አንዲት ሴት ብቻዋን፣ «አሁን አውርደው!» ስትል አስቡት። ፈጣሪም ግራ ሳይገባው አልቀረም።

አምና እንዲህ ስትጠብቅ ነው የታመመችው። ገብሱ ዛላ ባወጣ ሰሞን አዲስ አበባ ለሕክምና ሄደች።

አሁን የኦቦ ከድርን ሰዎች ማወቅ አለባችሁ። የአካባቢው ገበሬዎች የዘር ብዜት ማኅበር አላቸው። ለዘር የሚሆን ስንዴና ገብስ አብዝተው ይሸጣሉ። ለዘር የሚሆን ማሳ ደግሞ አንድ ቁመት፣ አንድ መልክ መሆን አለበት፤ ከጎረቤቱ የተለየ ተክል ከታየ ተቆጣጣሪው ማሳውን ይጥለዋል። ስለዚህ በሥልጠና ላይ ሥልጠና ተሰጥቷቸው፣ የተለየውን እየለቀሙ መንቀል እጃቸው ላይ ገብቷል። ማሳ ዳር ቆመው እያወሩ፣ እንግዳ እየሸኙ፣ ቢያስነጥሳቸውም ሳይቀር ይነቅላሉ። ኦቦ ከድር ደግሞ በዚህ የታወቁ ናቸው። አንዴ ሠርግ ላይ ከሙሽራው ሚዜዎች መካከል አጭሩን ሲያዩት ሊነቅሉት እጃቸውን ዘረጉ ብዬ አውርቻለሁ። ይህ ውሸት ነው፤ ግን ሩቅ አይደለም።

የሺ ሆስፒታል መግባቷን ሲሰሙ ኦቦ ከድር ሰው ሰበሰቡ። «ያቺ ምስኪን ታማለች። ማሳዋን ይኼን የመሰለ ዝርክርክ ሆኖ ስታገኘው ምን ትላለች?» አሉ። የራሳቸውን አረም ጥለው፣ ደቦ ወጥተው፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ዋሉ። አጭሩን ነቀሉ። ከልክ ያለፈውን ረጅም ነቀሉ። ጥቁሩን ነቀሉ። ዘግይቶ የሚያሸተውን ነቀሉ። የነቀሉትን ለከብት ሰጡት።

ስትመለስ ከአውቶቡስ ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ማሳዋ ነው የወሰድኳት፤ ካልሆነ ሻንጣዋን አትሰጠኝም ነበር። ኦቦ ከድር መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁናል። ፊታቸው እንደ ኢድ ቀን በርቷል።

«አዴ የሺ! ሰላም ነሽ? ተሻለሽ? አልሐምዱሊላህ! በይ አሁን ማሳሽን እዪው።»

አየችው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ቁመት። በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። ነፋስ ሲነካው እንደ አንድ ሰው ይነቃነቃል። የሺ አንገቷን ወደ ግራ ሰበረች፤ ቆየች፤ ሳታቃና ቆየች።

«ኦቦ ከድር፣ ምን ነው ያደረጋችሁት—» ብዬ ስጀምር እግሬን ረገጠችኝ። ታማ የመጣች ሴት ናት፤ አረጋገጧ ግን የበሬ ነው።

«ገለቶማ፣ ኦቦ ከድር» ብላ አመሰገነቻቸው። «በዕድሜዬ እንዲህ ያማረ ገብስ አይቼ አላውቅም።» በማግሥቱ ትልቅ ዳቦ አስጋግራ፣ ሻይ አስፈልታ፣ ደቦ የወጡትን ሁሉ እዚያው ማሳው ዳር አበላች። እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች አመሰገነች።

ባጃጅ ውስጥ ስንመለስ አላስቻለኝም። «ተናገሪ እንጂ! ስንት ወር የደከምሽበትን በሉብሽ እኮ!»

«የበሉት ከብቶቹ ናቸው» አለች።

«የሺ፣ ቀልድ አይደለም!»

«አንተ ነህ ይኼን የምትለኝ?» ወደ ውጭ እያየች ነው የምታወራው። «ስማ፣ ውሸታሙ። ታማለች ብሎ ሥራውን ትቶ የመጣን ሰው፣ ደስ ብሎት የሠራልኝን ሰው፣ ዐይኑን እያየሁ አበላሸህብኝ አልለውም። አንተም አፍህን ትዘጋለህ።»

«እኔ አፍ ዘግቼ አላውቅም።»

«ትለምደዋለህ። ከየዘሩ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀረሁት አለ። እንደገና እዘራዋለሁ። አንድ ዓመት ነው» አለች። አውቶቡስ ያመለጠው ሰው «ቀጣዩ ይመጣል» እንደሚለው ነው ያለችው። ሐኪሞቹ የነገሯትን እኔ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። አንድ ዓመት ለእሷ ምን ያህል እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህን ሁሉ ስትል ታውቀው ነበር።

ዘንድሮ እንደገና ዘራች። ኦቦ ከድር አረሙን እንጨርስልሽ ብለው ሲመጡ፣ «ሐኪም ለጤናሽ ራስሽ ጎንበስ ቀና በዪ ብሎኛል» አለቻቸው። «ሐኪም አረም ያዛል?» ብለው ለሳምንት ተገረሙ። እሷ ጎንበስ ማለት ሲያቅታት ጎንበስ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም። ፍሬው ሲጠነክር ከየመስመሩ ናሙና ለቅማ፣ በበረዶ ሣጥን አድርጋ፣ የሆርሞኑ መጠን የሚለካበት ቦታ አዲስ አበባ ላከች። መልሱ መጣ። የትኛው መስመር ውስጥ ምን ያህል የእንቅልፍ ሆርሞን እንዳለ ታወቀ። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ልዩነቱ እሷ ራሷ ከጠበቀችው በላይ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ዝናቡ ብቻ ነበር፤ ሰማይ ሲደበድበው ማን እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚነቃ።

ለመጨረሻ ጊዜ ስትሄድ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆና፣ «ዝናቡ ሳይመታው አንድ ዛላ እንዳይታጨድ» አለችኝ። «ከመታው በኋላ በየመስመሩ ግባና እያሸህ እየው። ለአንዴ እንኳ ያየኸውን ብቻ ጻፍ። አታጋን።»

«አንድም ሳላጋንን ሺህ ገጽ እጽፍልሻለሁ» አልኳት። ሳቀች። አውቶቡሱ ሄደ። የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው።

አስከሬኗ መጥቶ ሮቤ ተቀበረች። ወንድሟ ከጎጃም መጣ፤ ድንኳን ተጣለ፤ ገበሬዎቹ ሁሉ መጡ። ሰው ያለቅሳል። እኔ ወንበር አቀርባለሁ፣ ጫማ ጫማ አያለሁ። እንድቀልድ የጠበቁኝ ሰዎች ነበሩ፤ እንዳለቅስ የጠበቁኝም። ሁለቱንም አጣሁት። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ፈልጌ እጄን ብሰድ ባዶ ኪስ ነው።

በሠልስቱ ቀን ኦቦ ከድር አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «መምህር፣ ሰማዩን አየኸው?» አሉኝ በቀስታ።

ቀና አልኩ። በሰነቴ ተራራ በኩል ጥቁር ሆኗል።

«የአዴ የሺ ገብስ ደርሷል» አሉ። «የሞተ ሰው እህል ሜዳ ላይ አይበሰብስም። ነውር ነው። ልጆቹን ጠርቻለሁ፤ ማጭድ ይዘው እየሄዱ ነው። ሳይዘንብ እናደርሰዋለን፣ ኢንሻአላህ።» ተነሡ። ለቅሶ ላይ ያየሁት ፊታቸው ትንሽ ቀለል ብሎ ነበር። የሚሠሩላት ነገር አግኝተዋል።

ጫማዬን ግራና ቀኙን አሳስቼ ሳላደርገው አልቀረሁም፤ ተከትያቸው ወጣሁ። ባጃጅ ይዤ ስደርስ ሰዎቹ ማሳው ዳር ተሰልፈው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነው።

«ቁሙ!» አልኩ። «አትንኩት! መርዝ ተረጭቶበታል። የነካው ሰው ፀጉሩ ይረግፋል!»

ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ራሰ በራውን አሳየኝ። «እኔ ልጀምር እንግዲህ» አለ። ሳቁ ባሰ።

«ዩኒቨርሲቲው ከልክሏል። ደብዳቤ አለ። የሚያጭድ ይታሰራል።»

«መምህር» አሉ ኦቦ ከድር፣ «ሰነቴ ላይ አንበሳ ሲጋራ ሲያጨስ አየሁ ያልከን አንተ አይደለህም? ዛሬ እንኳ ተው። ዞር በል፣ ዝናቡ ሳይቀድመን።»

የመጀመሪያው ሰው ጎንበስ አለ። አንድ ጭብጥ ያዘ። ያኔ ነው አፌ በራሱ የተከፈተው።

«ዝናብ እንዲመታው ነው የፈለገችው! የዘራችው ዝናብ እንዲመታው ነው!»

ጎንበስ ያለው ሰው ቀና አለ። ማንም አልሳቀም። ምናልባት ድምፄ የእኔ ስላልመሰለ ይሆናል። እንግዲህ የጀመርኩትን መጨረስ ነበረብኝ። የሚተኛውን ነገርኳቸው፤ የሚነቃውን ነገርኳቸው። መስመሮቹን እያሳየሁ፣ «ያ ከአጋርፋ ነው፣ ያ ከዲንሾ፣ ያ ጥቁሩ ከእርስዎ ቤት ነው፣ ኦቦ ከድር፤ እናትዎ ይዘሩት የነበረው። ውስጣቸው ያለው እኩል አይደለም። የትኛው እንደሚጠቅመን የሚለየው ዝናቡ ነው» አልኩ። አንድም ነገር አልጨመርኩም። እንዲህ ያለ ንግግር በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም።

ኦቦ ከድር ማሳውን አዩት። ረጅሙን፣ አጭሩን፣ ጥቁሩን፣ ገና አረንጓዴነቱ ያልለቀቀውን።

«መለያየቱ ነው ሥራው?» አሉ።

«መለያየቱ ነው።»

«ሁሉም መኖር አለበት?»

«ሁሉም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አምና እኛ የነቀልነው…»

ለዚህ የሚሆን ውሸት አጠገቤ ሞልቶ ነበር። ሌላ ዘር ነበር ማለት እችል ነበር። አረም ነው የነቀላችሁት ማለት እችል ነበር። ዕድሜ ልኬን የሠለጠንኩት ለዚች ሰዓት አልነበረም? አፌን ዘጋሁ፤ ተዘግቶ ቀረ። ኦቦ ከድር ፊቴን አንብበው ጨረሱ።

«ዳቦ አበላችን» አሉ። «በየስማችን እየጠራች።»

ከዚያ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው በኦሮምኛ ተናገሩ። ቃል በቃል ልጽፈው አልፈልግም። አምና ያበላሸነው እኛ ነን፣ አውቃ ዝም ብላናለች፣ ነው ያሉት። አልተቆጡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ራሰ በራው ሰውዬ ኮፍያውን መልሶ ሳያደርግ በእጁ ይዞ ቀረ። አንዱ፣ «ታዲያ አሁን ምን እናድርግ?» አለ።

«ምንም» አልኩ።

«እንዴት ምንም? መጥተናል እኮ።»

ሰማዩ ያን ጊዜ ተለቀቀ። የባሌ ነሐሴ እንደሚያውቀው፣ ሳያስጠነቅቅ፣ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ሰዎቹ ወደ ቤታቸው የሚሮጡ መስሎኝ ነበር። ማንም አልሄደም። ማጭዳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ማሳው ዳር ላይ እንደተሰለፉ ቆሙ። የደረሰ እህል ዐይናቸው እያየ ሲደበደብ ቆመው ማየት ለእነሱ ምን እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ ገበሬ አይደለሁም። አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው አፋቸውን ያዙ። ደቦ ወጥቶ ምንም ያልሠራ ሰው እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ረጃጅሞቹ ገብሶች መሬት ላይ መጋደም ጀመሩ። ከፊታችን ያለው አንድ አገዳ በውኃው ክብደት ጎብጦ፣ ዛላው ጭቃ ሊነካ ሲል፣ አንድ ጎረምሳ አላስቻለውም፤ ሮጦ ገብቶ ሊያቃናው እጁን ዘረጋ።

ኦቦ ከድር ክንዱን ያዙት። ውኃው ከፂማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«ተወው» አሉት። «ልጄ፣ ተወው።»